እርማት፦ «ስኪ» የመኳንንት ማኅተም አይደለም

ወንድሜ፣ «በስኪ የሚያልቅ የፖላንድ ስም ሁሉ የመኳንንት ነው፤ ብርቅ ከሆነማ የአንድ ዘር ሰዎች ብቻ ናቸው የሚጠሩበት» ያልከው ብዙ ሰው የሚደግመው ስህተት ነው። ፖላንድ የተወለደችውን ሳይንቲስት ማሪ ኩሪን በምሳሌነት ማንሳትህ ግን ጥሩ ሆነ።

የአባቷ ስም ስክዎዶቭስኪ ነው። የመጣውም ማዞቭሼ በተባለው የፖላንድ ምድር ስክዎዲ ከተባሉት መንደሮች ነው። «ስኪ» ቅጽል ነው፤ «የስክዎዲው» እንደማለት። ድሮ ባላባት በርስቱ ስም ይጠራ ስለነበር እዚህ ድረስ ልክ ነህ። የእሷም ወገኖች ባላባቶች ነበሩ፤ ያውም የደኸዩ። አባቷ ዋርሶ ውስጥ ሒሳብና ፊዚክስ በማስተማር ነበር የሚተዳደረው። እያደር ግን ከተሜውም ገበሬውም ይህን አጠራር ወደደውና ወሰደው። ኮቫልስኪን ተመልከት፦ «ኮቫል» ብረት ቀጥቃጭ ነው! በፖላንድ እጅግ ከተለመዱት ስሞች አንዱ ነው እንግዲህ።

ብርቅነት ብዙ ጊዜ የሚነግርህ ስሙ የወጣበት መንደር ትንሽ መሆኑን ነው። ከአንድ መንደር የወጡ፣ በሥጋ የማይዛመዱ ሰዎችም አንድ ስም ሊይዙ ይችላሉ። የባላባት ቤተሰቦች መለያ የሆነው የጋሻ ዓርማም አያድንህም፤ ዶዌንጋ የተባለውን ዓርማ ስክዎዶቭስኪዎች ከብዙ የማይዛመዱ ቤተሰቦች ጋር ይጋሩታል።

ቁጥር ስትፈልግ ደግሞ ተጠንቀቅ። ሴቷ ስክዎዶቭስካ ትባላለች እንጂ ስክዎዶቭስኪ አትባልም። የፖላንድ የስም ዝርዝር ሁለቱን ለየብቻ ስለሚቆጥር፣ አንዱን ብቻ ያየ ሰው ስሙን በግማሽ ያሳንሰዋል።