ሮምን በሩጫ ማየት

ለማራቶን እየተዘጋጀ ከቤተሰቡ ጋር ሮምን ሊጎበኝ የሄደ ሰው ከተማዋን የሚያየው ጎህ ሲቀድ በሚሮጠው ረጅም ልምምድ ላይ ብቻ መሆኑ እጅግ ያበሳጫል። ቁርስ ሳይቀርብ መመለስ ግዴታ ስለሆነ፣ አበበ ቢቂላ በ1960 እ.ኤ.አ. በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ያሸነፈበትን የቆስጠንጢኖስን የድል ቅስት እንኳ ቆም ብሎ ለማየት ፋታ አይገኝም። የአክሱም ሐውልት ከአገሩ ተወስዶ ለአሥርተ ዓመታት ቆሞበት የነበረውን አደባባይም ያለፍኩት የእጅ ሰዓቴን እያየሁ ነው። የመሀል ከተማው መንገድ በትንንሽ ጥቁር ድንጋዮች የተነጠፈ በመሆኑ፣ ጤዛ ሲያርፍበት እንደ ሳሙና ስለሚያንሸራትት፣ ኮሎሲየሙን ስዞር ከግድግዳው ይልቅ ያጠናሁት ንጣፉን ነው። (በየመንገዱ ዳር ሌት ተቀን የሚፈሰው የቧንቧ ውኃ ግን፣ እውነት ለመናገር፣ የሚመሰገን ነው።) ይህ ሁሉ ሳያንስ፣ የቀኑ መርሐ ግብር ሲወጣ ባለቤቴ «አንተማ ጠዋት አይተኸዋል» እያለች የምመኘውን ቦታ ሁሉ ትሰርዘውና ቀኑ ከሱቅ ሱቅ በመዞር ያልቃል፤ በዛለ እግሩ በር ላይ ቆሞ ፌስታል የሚጠብቀውም ያው ሯጩ ነው።