የአመቻቾች ሥልጠና ከአዳራሽ ይውጣ

የአማራጭ መሠረታዊ ትምህርት አመቻቾች፣ ማለትም በየቀበሌው ማዕከል ልጆችን የሚያስተምሩት ወጣቶች፣ የሚሠለጥኑበት መንገድ ለዓመታት አልተለወጠም። ክረምት ሲገባ ከየቀበሌው ተጠርተው ወደ ወረዳ ወይም ወደ ዞን ከተማ ይመጣሉ። አዳራሽ ተቀምጠው ስለ አሳታፊ የማስተማር ዘዴ ገለጻ ይሰማሉ፣ የቡድን ሥራቸውን በትልልቅ ወረቀት ጽፈው ያቀርባሉ፣ አበላቸውን ፈርመው ተቀብለው ይመለሳሉ። መስከረም ላይ ማዕከላቸውን ሲከፍቱ የሚገጥማቸው ጥያቄ ግን አዳራሹ ውስጥ ከተነሳው ጋር እምብዛም አይገናኝም። በእኔ እምነት ለዚህ ሥልጠና የሚወጣው ጊዜና ገንዘብ ቢያንስ ግማሹ ወደ ሁለት ነገሮች መዞር አለበት። አንደኛው አመቻቹ ከሚያስተምረው ማኅበረሰብ ጋር አብሮ የሚሰነብትበት ጊዜ ነው። ሁለተኛው አመቻቾች አንዳቸው በሌላው ማዕከል ተገኝተው የሚማማሩበት ጉብኝት ነው።

አማራጭ መሠረታዊ ትምህርት መደበኛ ትምህርት ቤት ላልደረሰላቸው ወይም የመግቢያ ዕድሜያቸው ላለፈ ልጆች የተዘረጋ ነው። ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ያለውን ትምህርት በ3 ዓመት እንዲጨርሱ ያደርጋል። መንግሥታዊ ባልሆኑ ድርጅቶች ተጀምሮ በኋላ ትምህርት ሚኒስቴር የራሱ መርሐ ግብር አደረገው፤ በተለይ በአርብቶ አደር አካባቢዎች ለብዙ ልጆች ብቸኛው በር ሆኖ ቆይቷል። በዚያ በር ላይ የቆመው አመቻች አብዛኛውን ጊዜ 10ኛ ክፍል ጨርሶ አጭር ሥልጠና የወሰደ፣ ከመደበኛ መምህር ያነሰ የሚከፈለው ወጣት ነው። ዩኒሴፍ በኢትዮጵያ ከትምህርት ገበታ ውጭ ያሉትን ልጆች 9 ሚሊዮን ገደማ አድርሷቸዋል። ጦርነትና ድርቅ ያፈናቀላቸው ልጆች ሲመለሱ ከሚቀበሏቸው መካከል እነዚህ ወጣቶች ይገኛሉ። ስለዚህ እንዴት እንደሚዘጋጁ መነጋገር ትንሽ ጉዳይ አይደለም።

ቦረናን እንውሰድ። ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይጥላል፤ አጭሩ ደግሞ መስከረም አካባቢ ጀምሮ እስከ ኅዳር ይቆያል። ከዚያ ቦና፣ ማለትም ደረቁ ወቅት ይገባል። ቦና ሲጠና ወጣቶቹና ጠንከር ያሉት ልጆች የማይታለበውን ከብት ይዘው ወደ ፎራ፣ ማለትም ከመንደር ርቆ ወዳለ የግጦሽ ሰፈር፣ ይወጣሉ፤ የሚታለቡት ላሞችና ጥጆቹ ከዋራው፣ ማለትም ከቤተሰቡ ጋር፣ መንደር ይቀራሉ። በዚያው ወቅት ውኃው የሚገኘው ከጥልቅ ጉድጓዶች ነው። ሰዎች በጉድጓዱ ውስጥ ከታች እስከ ላይ ተደራርበው ቆመው፣ እየዘፈኑ፣ ባልዲውን ከእጅ ወደ እጅ ያቀባብላሉ። የማን ከብት መቼ እንደሚጠጣ ተራ የሚያስይዘው አባ ሄሬጋ ነው፤ ከብቱ በየ3 ቀኑ ገደማ ይጠጣል። ተራው የደረሰበት ቤተሰብ ልጁን ይፈልገዋል።

ይህን የማያውቅ አመቻች መዝገቡ ላይ «ቀሪ» እያለ ምልክት ያደርጋል፤ ቆይቶም «አቋረጠ» ብሎ ይጽፋል። የሚያውቀው ግን የየቤተሰቡን የውኃ ተራ ጠይቆ ፕሮግራሙን ያሸጋሽጋል። ልጆቹ ወደ ፎራ ከመውጣታቸው በፊት ምን መጨረስ እንዳለባቸው ያሰላል፣ ሲመለሱም ከየት እንደሚቀጥሉ አስቀድሞ ያዘጋጃል። ይህን ዕውቀት በአዳራሽ ገለጻ ማግኘት አይቻልም። ከአንድ ቤተሰብ ጋር ሰንብቶ፣ ሌሊት ተነስቶ አብሮ ጉድጓድ ወርዶ፣ ማታ ቡና ቀላ (በቅቤ የተጠበሰ ቡና) ሲቀርብ ከአባ ኦላው፣ ከመንደሩ አባት፣ ጎን ተቀምጦ እያዳመጠ የሚገኝ ነው።

ሌላም አለ። በብዙ አርብቶ አደር ማኅበረሰብ የሰውን ከብት ቁጥር መጠየቅ ነውር ነው። አመቻቹ ግን ሒሳብን ከልጆቹ ሕይወት ጋር ላገናኝ ብሎ፣ በቅን ልቦና፣ «አባትህ ስንት ላም አለው?» ብሎ ይጀምራል። ልጁ ዝም ይላል። አመቻቹም ዝምታውን አለማወቅ ነው ብሎ ይተረጉመዋል። ያ ልጅ ግን ከሩቅ ሆኖ እያንዳንዷን ላም በመልኳ፣ በቀንዷና በእናቷ ለይቶ ያውቃታል፤ የጠፋችውንም ሳይቆጥር ይናገራል። ለምደባና ለንጽጽር ትምህርት ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም፤ በሩን የሚያገኘው ግን በረቱ ዘንድ ቆሞ ያየ አስተማሪ ብቻ ነው።

«አመቻቾቹ እኮ የአካባቢው ልጆች ናቸው፤ ምን ያስተምሯቸዋል?» የሚል ተቃውሞ ሁልጊዜ ይነሳል። ክርክሩ ግማሽ እውነት አለው። ቋንቋውን ይናገራሉ፣ ዘመድ አላቸው። ነገር ግን 10ኛ ክፍል ለመድረስ ከመንደር ወጥተው ከተማ ተከራይተው ወይም ዘመድ ቤት ተቀምጠው ያደጉ ናቸው። ፎራ የወጡት ወንድሞቻቸው ናቸው። ብዙዎቹም የሚመደቡት ከተወለዱበት ቀበሌ ውጭ ነው። ከዚህ በላይ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ራሱ ለዓመታት የመንደሩን ዕውቀት ኋላ ቀር አድርጎ እንዲያዩት አስተምሯቸዋል። ይህን አመለካከት ይዞ ወደ መንደሩ የተመለሰ ወጣት፣ ቋንቋውን ቢናገርም፣ እንግዳ ነው። ወደ አፋርና ሶማሌ ከሌላ ክልል ሄደው የሚያስተምሩትማ ፍላጎታቸው የበለጠ ነው። ሁለት ሰዎች ሲገናኙ ዳጉ፣ ማለትም ያዩትንና የሰሙትን ወሬ፣ ሳይለዋወጡ በማይለያዩበት የአፋር ምድር፣ ሰላምታ አቋርጦ ወደ ጉዳዩ የሚገባ መምህር ምን ያህል እንደሚያስቀይም የሚነግረው የለም።

ከማኅበረሰብ ጋር እየኖሩ መማር ለአገራችን አዲስ አይደለም። የአብነት ተማሪው ለቅኔ ጎንጅ ወይም ዋሸራ፣ ለዜማ ቤተልሔም፣ ለአቋቋም ጎንደር እየተሻገረ፣ በየደጃፉ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ በሚያገኘው ቁራሽ እያደረ ነው የተማረው። የወሎ ደረሳም (የእስልምና ትምህርት ተማሪ) አንዱን የትምህርት ዘርፍ ከአንድ ሼኽ ጨርሶ ለሌላው ዘርፍ ወደ ሌላ ሼኽ ይሄዳል፤ የሚያበላውም የመንደሩ ሰው ነው። በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ሲላኩ ከዘመቻው ብዙ ነገር ተገኝቷል፤ ይሁን እንጂ የተላኩት ለማስተማርና ለማደራጀት ነበር። ገበሬው ለእነርሱ የሚያስተምረው ነገር እንዳለ በዕቅድ ይዞ የሄደ ጥቂት ነው። አሁን የምጠይቀው አመቻቹ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተማሪ ሆኖ እንዲሄድ ነው።

ወደ ሁለተኛው ነገር ልምጣ። የልምድ ልውውጥ የሚባለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። በጠዋት ላንድክሩዘር ይነሳል፣ ባነር ይሰቀላል። የተመረጠው ማዕከል ልጆች ዩኒፎርም ለብሰው መዝሙር ይዘምራሉ፣ ኃላፊው ንግግር ያደርጋል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ከምሳ በኋላ መልስ ነው። ከተሳፋሪዎቹ መካከል ክፍል ውስጥ የሚያስተምረው ሰው ጥቂት ነው። በዚህ መንገድ ማንም ማስተማር አልተማረም።

ከዚህ የሚለይ ልውውጥ አይቻለሁ። ጎረቤት ቀበሌዎች ውስጥ የሚያስተምሩ ሁለት ሴት አመቻቾች በሱፐርቫይዘራቸው ፈቃድ አንዷ ወደ ሌላዋ ማዕከል ሄዳ ሰነበተች፤ በኋላም ተቀያየሩ። እንግዳዋ ንግግር አላደረገችም። የክፍሉን አቀማመጥ በወረቀት ሥላ፣ አስተማሪዋ ልጅ በጠየቀች ቁጥር ልጁ በተቀመጠበት ቦታ ላይ አንድ አንድ ጭረት ታኖር ነበር። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ወረቀቱን ለባልደረባዋ ሰጠቻት። ጭረቶቹ ከፊት በተቀመጡት ወንዶች ላይ ተከማችተዋል፤ ከኋላ፣ ታናናሾቻቸውን አዝለው የሚመጡት ሴቶች ልጆች የተቀመጡበት ጥግ ነጭ ነበር። የማዕከሉ አስተማሪ ቅር አላት፣ ፊቷ ተለወጠ፤ ያን ከሰዓት ብዙም አላወሩም። በማግስቱ ግን ሁለቱ ሆነው ልጆቹን በክብ አስቀመጧቸው። በሱፐርቪዥን ቅጽ ላይ «የሴት ተማሪዎች ተሳትፎ ይሻሻል» የሚል አስተያየት ለዓመታት ተጽፎ ሊሆን ይችላል። ያንን ከአለቃ መስማትና ተመሳሳይ ደመወዝ፣ ተመሳሳይ ዳስ፣ ተመሳሳይ ድካም ካላት ባልደረባ ማየት በጣም ይለያያል።

ይህ የእኛ አገር ህልም ብቻ አይደለም። ኮሎምቢያ በእኛ አቆጣጠር ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በገጠር ባሉ ባለአንድ መምህር ትምህርት ቤቶች ባስፋፋችው አሠራር፣ መምህራን ወደ ሥራ ከመግባታቸው በፊት በደንብ የሚሠራ የገጠር ትምህርት ቤት ሄደው ያያሉ፤ ከዚያም በየአካባቢያቸው በቋሚነት እየተገናኙ ይማማራሉ። እኛም ለዚህ የሚሆን መዋቅር አለን፤ ጎረቤት ትምህርት ቤቶችን የሚያስተባብሩት የጉድኝት ማዕከላትና ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ መርሐ ግብር በወረቀት ላይ ከተቀመጡ ቆይተዋል። ችግሩ አመቻቾች ብዙ ጊዜ ከእነዚህ ውጭ መሆናቸው ነው፤ እንደ መምህር ስለማይቆጠሩ መምህራን በሚሰበሰቡበት አይጠሩም። ልጆቹ ማዕከሉን ጨርሰው የሚገቡት ግን እነዚያው መምህራን ዘንድ ነው። በዳስ ውስጥ በክብ ተቀምጦ እየጠየቀ የተማረ ልጅ፣ በመደበኛው ትምህርት ቤት በጣም በተጨናነቀ ክፍል የኋላ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ምን እንደሚሆን ተቀባዩ መምህር ቀድሞ መጥቶ ቢያየው፣ አመቻቹም የሚልክበትን ክፍል ቢያውቀው መልካም ነው።

የሴቶቹን ጉዳይ በዝምታ ማለፍ ተገቢ አይደለም። አንዲት ወጣት ሴት በማታውቀው መንደር ትደር ማለት ቀላል አይደለም። ሴት አመቻቾች ሁለት ሁለት ሆነው መሄድ አለባቸው፤ ማረፊያቸውን የመንደሩ ሴቶች ይምረጡ፣ ቤተሰባቸውም የት እንዳሉ ይወቅ፤ አልሄድም ካሉም ከሥራቸው አንዳች ነገር እንዳይጎድልባቸው በጽሑፍ ይረጋገጥ። ጸጥታ በሌለበት አካባቢ ጉብኝቱ በአንድ ቀበሌ ይወሰን ወይም ይቅር። ድርቅ የበላው መንደርም እንግዳ አይላክበት፤ ወተት ለልጆቹ ባልበቃበት ቤት የሚስተናገድ ሰው ሸክም ነው። በደህናው ጊዜም ቢሆን አስተናጋጁ ቤተሰብ ባዶ እጁን መቅረት የለበትም። ስኳሩን፣ ሻይ ቅጠሉን፣ ዱቄቱን ከአዳራሹ የሻይ ቡና ወጪ መሸፈን ይቻላል።

ገንዘብ የለም የሚለው መልስ አያሳምነኝም። በ2017 ዓ.ም. የአሜሪካ ተራድኦ ድርጅት ሥራውን ሲያቆም ብዙ የትምህርት ፕሮጀክቶች ተቋርጠዋል፤ እውነት ነው፣ ጉዳቱም ከባድ ነው። ነገር ግን ውድ የሆነው የአዳራሹ ሥልጠና እንጂ በእግር ወይም በሞተር ሳይክል ወደ ጎረቤት ቀበሌ መሄድ አይደለም። የወረዳ በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ዕቅዱ የሚዘጋጀው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች በዘንድሮው ዕቅድ በሥልጠና መደብ ሥር ሁለት መስመር ይጨምሩ፦ አንዱ ለመንደር ቆይታ፣ ሌላው ለማዕከል ለማዕከል ጉብኝት። ሰዓቱም እንደ ሙያ ማሻሻያ ይቆጠርላቸው። በሪፖርት ቅጹም «ስንት ሰው ሠለጠነ» ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ፣ አመቻቹ ከቆይታው በኋላ የትኛውን የትምህርት ሰዓት እንደለወጠ፣ «አቋረጠ» ተብሎ ከተጻፈው ልጅ መካከልም ማን እንደተመለሰ የሚሞላበት ቦታ ይኑር።