ዕድሜ ራሱን ላሻሻለ አባት

እናንተዬ ጎንደር ታድላለች። ድሮ በፋሲል ግንብ ነበር የምንኮራው፣ ከዛ በ2013 ፋሲል ከነማ የሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ ድምፃችን እስኪዘጋ ጨፈርን፣ አሁን ደሞ ሌላ ኩራት መጥቶልናል፤ ራሱን ያሻሻለ አባት። 10 ሰዓት ገደማ ፒያሳ ውጡና ደስ ያላችሁ ካፌ በረንዳ ላይ ቁጭ በሉ፣ አታጡትም። ማኪያቶው ቀዝቅዟል፣ ስልኩን በፊቱ ደፍቶታል (አሁን አሁን ስልክ መድፋት የዲሲፕሊን ምልክት ነው)፣ ለጓደኛው ስለ ኳሊቲ ታይም እያስረዳ ነው። ዋናው ከልጅህ ጋር ስንት ሰዓት ዋልክ ሳይሆን እንዴት ዋልክ ነው ይለዋል። ጓደኛው ራሱን ይነቀንቃል። የሁለቱም ልጆች እቤት ናቸው።

ማንነቱን ለምን እደብቃለሁ፣ እኔው ነኝ። ይሄን ምስጋና ራሴን ጨምሬ የምጽፈው ሌላ የሚያመሰግነን ስለጠፋ ነው።

ከመነሻው ልጀምር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሚስቱ ለወለደች ሠራተኛ 3 ተከታታይ ቀን ከነደሞዙ ፈቃድ ይሰጣል። ሶስት ቀን ምን ያደርጋል ብለው የሚያማርሩ አሉ፣ እኔ ግን ህግ አውጪው አባትን አብጠርጥሮ ያውቀዋል ባይ ነኝ። በመጀመሪያው ቀን ገንፎ በላሁ። በሁለተኛው ቀን የመጣው ሁሉ እንኳን ማርያም ማረችልህ ሲለኝ አሜን አሜን እያልኩ ገንፎ በላሁ። በሶስተኛው ቀን ቤቱ በአክስቶች ተሞልቶ መቀመጫ ስላጣሁ ፒያሳ ወጣሁ። እንደወጣሁ ነኝ። ልጁ ስድስት ዓመት ሞላው።

ደሞ ዝም ብዬ አልወጣሁም፣ ራስን የማሻሻያ መጽሐፎቹ ናቸው ያሉኝ። ከኮምፎርት ዞንህ ውጣ ይላሉ፣ የኔ ኮምፎርት ዞን ደሞ ቤቴ ነው፣ ስለዚህ በየማታው እወጣለሁ። ልጁ ማታ ማታ "እማ፣ አባዬ የት ሂዶ ነው?" ሲላት ባለቤቴ ሽንኩርቷን እየከተፈች "ራሱን ሊያሻሽል ሂዷል" ትለዋለች አሉ። በምን አይነት ድምፅ እንደምትለው አልጠየቅኩም።

መጽሐፍ ካነሳን አይቀር የአዘዞውን ወዳጄን ሳላደንቀው አላልፍም። ፈረንጁ አሸናፊ ሰው ከእንቅልፉ 5 ሰዓት ይነሳል ብሎ ጽፏል፣ ወዳጄ የፈረንጅ ሰዓት ነው ምናምን ሳይል እንዳለ ወሰደው፣ ይሄው ሁለት ወር ሙሉ አላርም ሞልቶ ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ይነሳል። ለውጥ ማለት ይሄ ነው፣ ድሮ እኮ 2 ሰዓት ነበር የሚነሳው።

እኔ ግን አልተሸወድኩም፣ በሀበሻ ሰዓት ከሌሊቱ 11 ነው የምነሳው። ትንሽ ፑሽ አፕ፣ ትንሽ ዝም ብሎ መቀመጥ፣ ከዛ ጆርናል። ጆርናል ማለት በየጠዋቱ የምታመሰግንባቸውን ሶስት ነገሮች የምትጽፍበት ደብተር ነው። አሁን የኛ ሰፈር ውሃ የምትመጣው ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ነው፣ ያውም በመጣችበት ቀን፣ ባለቤቴ የቧንቧውን ድምፅ እንደሰማች ነጠላዋን ጣል አድርጋ ትወጣና ቢጫ ጀሪካኖቹን አንድ በአንድ እየሞላች በረንዳው ላይ ትደረድራለች፣ ሲሚንቶው ላይ ስትጎትታቸው የሚያሰማው ነገር አለ፣ ግርርር የሚል፣ እኔ አንሶላዬን እከናነባለሁ ምክንያቱም በቂ እንቅልፍ የሌለው አባት ትዕግስት የለውም ይላል መጽሐፉ። 11 ሰዓት ስነሳ ሰባት ጀሪካን ውሃ ተሰልፎ ይጠብቀኛል። ፊቴን ታጥቤ ደብተሬን ከፈትኩና "አንደኛ፣ ውሃ ስላለን አመሰግናለሁ" ብዬ ጻፍኩ። ማን እንደቀዳው አልጻፍኩም፣ ደብተሩ መስመሩ ጠባብ ነው።

ወደ ፊልም ልምጣ፣ ምክንያቱም እኛን አባት ያደረገን ከወላጆቻችን ይልቅ ፊልም ነው። ራሱን ያሻሻለ አባት ፊልም ዝም ብሎ አያይም፣ ይማርበታል፣ ተምሮም ፖስት ያደርጋል። የሁላችንም አንደኛ ደሞ ያው ይታወቃል፣ ፐርሱት ኦፍ ሃፒነስ ነው፣ የ2006ቱ፣ ዊል ስሚዝ ከገዛ ልጁ ከጄደን ጋር የሰራው። ማደሪያ አጥተው የባቡር ጣቢያ ሽንት ቤት ውስጥ የሚያድሩባትን ሲን አስታወሳችሁ? ልጁ አባቱ እግር ላይ ተኝቷል፣ ከውጭ ሰው በሩን ይደበድባል፣ አባት በእግሩ በሩን ደግፎ እንባው ዝም ብሎ ይወርዳል። እዛች ጋ ያላለቀሰ አባት አይባልም ብዬ ጽፌያለሁ፣ ብዙ ሰው ሼር አድርጎታል።

ስጽፈው ያላነሳሁት አንድ ነገር አለ። የዛን ለት ልጄ ሶስት ዓመት ከምናምኑ ነው፣ ከዳይፐር ከወጣ ሳምንትም አልሆነው፣ መጥቶ እጅጌዬን ጎተተ።

"አባዬ፣ ሽንቴ።"

"ቆይ።"

"መጣ እኮ።"

"ቆይ አባቴ፣ ይቺ ብቻ ትለቅ፣ ስለ አባትነት ነው።"

ሰውየው በሩን ደግፏል፣ እንባው ወርዷል፣ የኔም ጀምሯል፣ ልጄ በአንድ እግሩ እየዘለለ እጅጌዬን ይዞ ስክሪኑን ያያል፣ እዛም ሽንት ቤት እዚህም ሽንት የሚፈልግ ልጅ፣ ነገሩን ማገናኘት አልቻልኩም። በመሃል እግሬ ስር ሞቅ አለኝ። የፊልሙ ስሜት መስሎኝ ነበር። ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ አለች፣ አንዴ ስክሪኑን፣ አንዴ ስጋጃውን፣ አንዴ የኔን እንባ አየችና ምንም ሳትናገር ጨርቅ ይዛ መጣች። ስታብስ እግሬን አነሳሁላት። እነሆ መተጋገዝ።

የሰፈራችን ልጅ ፊልም ግን ዝርዝራችን ውስጥ የለም። ኃይሌ ገሪማ እዚሁ ጎንደር ነው የተወለደው፣ በ1946 እ.ኤ.አ.፣ አባቱ ቴአትር ጸሐፊ ነበሩ፣ ፊልሙ ጤዛ በ2008 እ.ኤ.አ. ቬኒስ ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማት ወስዷል። አንድ ቀን ካፌ ውስጥ ለምን ጤዛን አብረን አናይም ብዬ ሀሳብ አቀረብኩ።

"ስንት ሰዓት ነው?" አለኝ አንዱ።

"2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ።"

"መልዕክቱስ?"

"ጀርመን ተምሮ አገሩ የሚመለስ ሰው ነው።"

"መጨረሻው ላይ ይከብራል?"

"ኧረ አይከብርም።"

"እና ምኑን እንማርበታለን?"

ተውኩት። እውነቱን ነው። ብቻ አንዳንዴ ሳስበው የሰውየው አባት ቴአትር ጻፉ፣ ልጃቸው ፊልም ሰሪ ወጣው። እኔ ስታተስ ነው የምጽፈው፣ የኔውን ልጅ ፈጣሪ ይሁነው።

አባቴ ነፍሱን ይማረውና ራሱን ሳያሻሽል ነው ያለፈው። ልጅ ሆኜ ከትምህርት ቤት ፎርፌ ቪዲዮ ቤት እገባ ነበር፣ የህንድ ፊልም፣ አግዳሚ ላይ ተፋፍጎ፣ ላቡ፣ ጭሱ፣ ያ ሁሉ ዘፈን። አባቴ አንድ ሰው ጠቁሞት ይመጣል። መጋረጃውን ገልጦ ባትሪውን ቦግ ያደርግና በየተራ የልጅ ፊት ሲያበራ፣ ተራዬ ሲደርስ ጆሮዬን ይይዛል። ከአራዳ እስከ ቤት በእግር ነው፣ ጆሮዬን ይዞ ይጀምርና መሃል ላይ ይለቀውና እጄን ይይዘኛል፣ ከዛ ትንሽ ዝም ብለን ከሄድን በኋላ ጉሮሮውን ጠርጎ "እና ልጅቷን ማን አገባት?" ይለኛል። ሳልጨርሰው ነዋ ያወጣኸኝ እለዋለሁ። "እስከደረስክበት ንገረኛ።" ቤት እስክንደርስ እነግረዋለሁ፣ ደርሰን ካላለቀ በር ላይ ቁሞ ያስጨርሰኝ ነበር። እንግዲህ ይሄ ሰው ኳሊቲ ታይም የሚባል ነገር ሰምቶ አያውቅም። የኛ አባቶች ፍቅር ማሳየት አይችሉም ነበር ብዬ አንድ ረጅም ነገር ጽፌ ግሩፓችን ላይ ለቅቄ ነበር፣ ልብ በልብ ሆነልኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ታዲያ የተማርኩትን ሁሉ በተግባር ላውል ተነሳሁ። ልጄን አጥቤ (ባለቤቴ ናት ያጠበችው)፣ የባህል ልብስ አልብሼ (እሷው ናት)፣ ፋሲል ግቢ ይዤው ገባሁ። ስልኬ ላይ የ45 ደቂቃ አላርም ሞላሁ፣ ጥራት ያለው ጊዜ መጠን አለው። በደንብ ተዘጋጅቻለሁ፣ ፋሲል በ1636 እ.ኤ.አ. ከተማዋን ቆረቆረ፣ ልጁ ዮሐንስ የራሱን ሰራ፣ የልጅ ልጁ ኢያሱም የራሱን ሰራ፣ እያልኩ እያስጎበኘሁት ሳለ አንድ ነገር ልብ አልኩ፤ እዚህ ግቢ ውስጥ በአባቱ ግንብ አርፎ የተቀመጠ ልጅ የለም እኮ። ኢያሱማ ጭራሽ በ1706 እ.ኤ.አ. የተገደለው የገዛ ልጁ ተክለ ሃይማኖት አስገድሎት ነው። ይሄን ለልጄ አልነገርኩትም። ማን ያውቃል ሀሳብ ይሰጠው ይሆናል።

ሰላሳ ምናምን ፎቶ አነሳሁት፣ ደረጃው ላይ፣ በሩ ላይ፣ ግንቡን ሲያይ፣ ግንቡን ሲያይ የሚመስል፣ ጽሑፉም ተዘጋጅቷል፣ "ታሪኩን የሚያውቅ ትውልድ" የሚል። ልጁ ግን ሰልችቶት እጄን አስለቅቆ ሮጠና የአንበሳ ቤቱ ጋ ቆመ። ባዶውን ቤት አጮልቆ እያየ ነው።

"አባዬ፣ እዚህ ምን ነበር?"

"አንበሳ።"

ስለው ሀሳብ ብልጭ አለልኝ። የ1994ቱ ላየን ኪንግ! ግልገሉን ገደሉ አፋፍ ላይ ሽቅብ ከፍ የሚያደርጉባት! አላፊ አግዳሚ የነበረ አንድ ተማሪ ለመንኩና ስልኬን ሰጠሁት፣ ልጄን በብብቱ ይዤ ብድግ አደረግኩት (ፊልሙ ላይ የሚያነሳው ዝንጀሮው ነው እንጂ አባትየው አይደለም፣ ግን ማን ያስታውሳል)። የስድስት ዓመት ልጅ ለካ ይከብዳል፣ ለመጨረሻ ጊዜ ያቀፍኩት መቼ እንደሆነ ወገቤ ነው የነገረኝ።

"ካሜራውን እይ ማሙሽ።"

"አንበሳው የት ሂዶ ነው?"

"ካሜራውን እይ አልኩህ፣ ፈገግ በል።"

ልጁ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ወደ ባዶው ቤት አንገቱን አዙሮ ትንሽ አሰበ።

"ራሱን ሊያሻሽል ነው?"

ተማሪው ሳቁን መያዝ አቅቶት እጁ ተንቀጠቀጠ፣ ስልኩን ተቀብዬ ሳየው ፎቶው ተወላግዶ፣ የልጄ ፊት አይታይም፣ የኔ ጥርስ ብቻ ነው ያለው። አላርሙም በዛው ጮኸ። አጠፋሁትና ደግሜ አነሳሁት።