ለተከበሩ የአመጋገብ መመሪያ ወረቀት፣ ባሉበት

ጉዳዩ፡- ደሴ ላይ ሳልሞን የሚባል ዓሣ ስላስጠየቁኝ ቅሬታ ማቅረብን ይመለከታል።

ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ እኔ ጉልበቴ አብጦ ለመታከም የሄድሁ ጡረተኛ ስሆን፣ ክብደቴ ተረኛው ሁሉ እንዲሰማ ኮሪደር ላይ በከፍተኛ ድምፅ ከተነገረልኝ በኋላ፣ ከመድኃኒት ማዘዣው ጋር እርስዎ ተሰጡኝ። ስለ ካርድ ክፍሉ የምለው የለኝም፤ የተሰለፈ ያውቀዋል።

እርስዎ “ብግነትን (ማለትም የሰውነት መቆጣትን) የሚቀንሱ፣ ክብደትን የሚያስተካክሉ፣ ዕድሜን የሚያረዝሙ” ብለው ሳልሞን፣ የወይራ ዘይት፣ ዋልነትና ብሉቤሪ ዘርዝረዋል፤ የመጨረሻው ሥዕል በፎቶኮፒ ብዛት ጠቁሮ የፍየል በጠጥ መስሏል። እኔም ትእዛዝ አክባሪ ነኝና ፒያሳ ካለ አንድ ትልቅ መደብር ገብቼ፣ እርስዎን ባንኮኒው ላይ ዘርግቼ ሳልሞን ጠየቅሁ። ሻጩ ልጅ ደጋግሞ ካነበበዎት በኋላ “ጋሼ፣ ሰርዲን አለ፤ እሱ አይሆንም?” አለኝ። ከኋላዬ ተራ ይጠብቁ የነበሩ እናት በትከሻዬ በኩል አጮልቀው አይተውዎት “እኔን! በሽታውም የሀብታም ሆነብዎት?” ሲሉ ቤቱ በሣቅ ተሞላ። የወይራ ዘይቱስ አለ፤ የተቀመጠው ግን በተቆለፈ መስታወት ውስጥ ነው። ልጁ ቁልፉን ፈልጎ ከፍቶ ጠርሙሱን ካወጣልኝ በኋላ፣ ዋጋውን ሌላ ሰው እንዳይሰማው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረኝ፤ ከሁሉም ሣቅ ይልቅ ያዋረደኝ ይህ ርኅራኄው ነው። መልሶ እንዲቆልፍበት ለምኜ፣ እንደ ወትሮው የፓልም ዘይቴን፣ ማለትም ግማሽ ያህሉ እርስዎ “ያስወግዱ” የሚሉት የሚረጋ ስብ የሆነውን፣ ይዤ ወጣሁ።

የወይራ ዘይቱ ማስረጃ እውነተኛ መሆኑን አልክድም። ፕሬዲሜድ የተባለው የስፔን ጥናት እ.ኤ.አ. በ2013 ሲታተም ከ7,400 በላይ ሰዎችን ያካተተ ነበር፤ በተሳታፊዎቹ የዕጣ አመዳደብ ላይ ጉድለት ስለተገኘ በ2018 ከኅትመት ተነሥቶ እንደገና ተተንትኖ ሲወጣም፣ የወይራ ዘይት የታከለበት አመጋገብ ድንገተኛ የልብ ሕመምንና ስትሮክን የመሰሉ ሕመሞችን እንደሚቀንስ የሚገልጸው ድምዳሜው በአብዛኛው ጸንቷል። ነገር ግን ዘይቱ ለደረሳቸው ተሳታፊዎች በየቤተሰቡ በሳምንት 1 ሊትር ያህል በነፃ ይታደል ነበር። እርስዎ ምክሩን ይዘው ሲመጡ ሊትሩን እዚያው ስፔን ትተውታል።

ከታች በደማቅ ቀለም ደግሞ “ትንሽ መብላት ዕድሜ ያረዝማል” ይላሉ። በዊስኮንሲን ምግብ የተቀነሰባቸው ጦጣዎች ከእርጅና ጋር በተያያዙ ሕመሞች የሚሞቱት እንዳነሱ እ.ኤ.አ. በ2009 ተዘግቧል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ሌላው የአሜሪካ የጦጣ ጥናት ግን የዕድሜ ልዩነት አላገኘም፤ ከተጠረጠሩት ምክንያቶች አንዱ የሁለቱ ጥናቶች መኖ አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። ጥናቶቹ የሚያወሩትም ፕሮቲኑና ቫይታሚኑ ሳይጓደል ካሎሪ ስለ መቀነስ ነው። ይህን ሁሉ ትተው ያችን አንዲት መስመር ብቻ ወሎ ውስጥ ማደልዎ ነውር ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. እዚህ አገር ሰው ትንሽ በላ፤ ኋላም ምንም አልበላ፤ ዕድሜው አልረዘመም። ይህን ለመጻፍ የፈቀደ ሰው የት ነው ያደገው?

ይቅርታ፣ ወደ ጉዳዬ ልመለስ። በሆድ ውስጥ የሚከማቸው ስብ ራሱ ብግነት ቀስቃሽ ኬሚካሎችን እንደሚያመነጭና ክብደት ሲቀንስ ብግነቱም እንደሚቀንስ ሐኪሙ በአግባቡ አስረድቶኛል፤ ይህን ለማድረግ ባሕር ማዶ ያለ ዓሣ አያስፈልግም። የምስሩና የጤፉ አሠር፣ ማለትም ሆድ የማይፈጨው ክፍል፣ ትልቁ አንጀት ሲደርስ ባክቴሪያዎቹ ወደ አጫጭር የስብ አሲዶች ይለውጡታል፤ እነዚህም ብግነትን ለማርገብ ይረዳሉ። ተልባም ኦሜጋ 3 የተባለው ጠቃሚ ስብ አለው፤ ሰውነት ወደ ዓሣው ዓይነት የሚለውጠው ጥቂቱን ብቻ ቢሆንም፣ ቢያንስ ሰኞ ገበያ ይገኛል፤ መስታወት ውስጥም አይቆለፍበትም።

ስለሆነም በሚቀጥለው ኮፒዎ ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመንና ተልባ እንዲካተቱ፣ ይህ የማይቻል ከሆነም ከሳልሞኑ ስም አጠገብ የሚሸጥበት ሱቅና ሒሳቡን የሚከፍልልኝ ሰው ስም እንዲጻፍልኝ እያመለከትሁ፣ ለሚደረግልኝ ትብብር በቅድሚያ አመሰግናለሁ።