አሁንም ሲቪ አጻጻፍ?

እኛ የዩኒቨርሲቲ ካሪየር ሴንተር (ተማሪውን ለሥራ ፍለጋ የሚያዘጋጀው ክፍል) ሠራተኞች ስልጠና ተብሎ አዳማ ወይም ቢሾፍቱ ሆቴል ስንሰበሰብ የሚቀርብልን ያው ሲቪ አጻጻፍ ነው። እሱን እኮ ተማሪውን የምናስተምረው እኛው ነን! ወንበሩን የሚሞላው ደግሞ ዲንና ዳይሬክተር፤ ቀኑን ሙሉ ከተመራቂ ጋር የሚፋጠጠው ባለሙያ «በጀት የለም» ተብሎ ይቀራል። (ለአለቆች አበል በጀት አልቆ አያውቅም።) ቀጣሪ ድርጅት አንድም አይጋበዝም።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፤ ወድቆ ዲግሪው የተያዘበትን ልጅ ምን ብለን እንምከረው? «ዜሮ ዓመት ልምድ» የሚል የሥራ ማስታወቂያ ፍለጋ ጫማው ያለቀውንስ? ስንጠይቅ፣ «ሰዓት ስላጠረን በሻይ እረፍት እንነጋገር» ይሉናል። በሻይ እረፍት አሰልጣኙ የለም፣ ፎቶ ሊነሳ ሄዷል። ሰርተፍኬቱ ብቻ ሰዓቱን ጠብቆ ይመጣል፤ ያውም ስሜን አበላሽቶ።