ግማሹን ለሚያይ ግማሹን አስከፍሉ

የሰሜን ሸዋ ሰዎች፣ ዛሬ የምቆጣው እናንተን ነው። ራሴንም ከመሃላችሁ አላወጣም።

ነገሩ የሆነው በአንድ እሁድ ከሰዓት፣ ኳስ ሜዳ በር ላይ ነው። የከተማውንም የቡድኑንም ስም አልጠራም። ብጠራው "የእኛ አይደለም" ብላችሁ እፎይ የምትሉ ትኖራላችሁ። ከጫጫ እስከ አጣዬ፣ ከአለም ከተማ እስከ አረርቲ ያለው ሁሉ "እኔን ነው" ብሎ ይስማኝ።

ሰዓቱ ወደ 9 ይጠጋል። የደጋውን ንፋስ ታውቁታላችሁ፣ ፀሐይ ወጥታም ጆሮ ይቆርጣል። ሰልፉ ላይ ከፊቴ አንድ አባት ቆመዋል። ከጉልበታቸው የሚወርድ ያረጀ ካፖርት ለብሰዋል። አንገታቸው ላይ በቡድኑ ቀለም የተሠራ የሱፍ ስካርፍ ጠምጥመዋል። የእጅ ሥራ ነው፤ አንዱ ጫፍ ላይ ክሩ አልቆ በሌላ ቀለም ተጨርሷል። ተራቸው ሲደርስ ከውስጥ ኪሳቸው መሐረብ አወጡና ቋጠሮውን በጥርሳቸው ፈቱት። ሦስት ባለ 10 ብር።

"አባባ፣ 50 ነው" አላቸው በር ላይ ያለው ልጅ።

"አምና 20 አልነበረም እንዴ?"

"ዘንድሮ 50 ሆኗል። ለሁሉም እኩል ነው።"

ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ጎንበስ ብለው፣ ምስጢር እንደሚነግር ሰው፣ "ልጄ፣ እኔ እኮ የማየው ግማሹን ነው። አንዱ ዓይኔ ሞራ ነው" አሉት።

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። ልጁም ሳቀ። ግን አላስገባቸውም። "ወደ ጎን ይበሉልኝ አባባ፣ ሰው እየጠበቀ ነው" አላቸው። ወደ ጎን አሉ። ከኋላዬ ያሉት ጎረምሶች ሙድ ያዙባቸው፤ "ግማሹን ሜዳ ብቻ ይዩ" ምናምን እያሉ። እኔም ከሳቄ ሳልመለስ 50 ብሬን ከፍዬ ገባሁ። ኪሴ ውስጥ ሌላ 200 ብር ነበር።

በር ላይ ያለውን ልጅ ልትወቅሱት ከፈለጋችሁ ተዉት። እሱ የተባለውን ዋጋ የሚሰበስብ ነው። ማታ ብሩና የቲኬቱ ጉርድ ካልገጠመ ከኪሱ ይሞላል። ጥፋቱ የእኛ ነው። ያን ቀን ከሰልፉ "ኧረ አስገባቸው" ያለ አንድ ሰው አልነበረም። ለቀልድ ግን ሁላችንም አንደበት ነበረን።

እስቲ በዚያ በር ማን ማን በነጻ እንደሚገባ አብረን እንቁጠር። ከየጽሕፈት ቤቱ የመጣው "እንግዳ ነው" ተብሎ ይገባል። የኮሚቴው አባል ከነወንድሙ ይገባል፤ ወንድሙም ከነጓደኛው። መኪና ይዞ የመጣ ሰው ክላክስ ካደረገ ትልቁ በር ይከፈትለታል፤ ቲኬት አለህ ወይ የሚለው የለም። ጎረምሳው በጓሮ ቆርቆሮውን ገንጥሎ ይሾልካል፤ "ልጅነት ነው" ተብሎ ይታለፋል። ያው ጎረምሳ ከጨዋታው በኋላ ለድራፍት አያጣም። እነዚህ ሁሉ መክፈል የሚችሉ ሰዎች ናቸው። ታዲያ "ለሁሉም እኩል ነው" የተባለው ለማን ኖሯል? 30 ብር ቋጥረው ለመጡት አባት ብቻ!

እኛ እኮ ለቅሶ ቤት ሽማግሌ ሲገባ "ኖር!" ብለን ብድግ የምንል ሰዎች ነን። እሳቸው "በእግዜር" እስኪሉን አንቀመጥም። ሠርግ ላይ ለሽማግሌ የተለየ ወንበር ካልተዘጋጀ ደጋሹ ይታማል። ኳስ ሜዳ በር ላይ ስንደርስ ይህ ሁሉ የት ይገባል? "ኖር" ቀርቶ "ወደ ጎን ይበሉ" ሆነ።

"ቡድኑ ድሃ ነው፣ የበር ገቢ ያስፈልገዋል" የምትሉ አላችሁ። እሺ፣ ሒሳቡን እንሥራው። እኚያ አባት በ25 ብር ቢገቡ 5 ብር መልስ ይዘው ይገቡ ነበር። ተመለሱ። ኮሚቴው ከእሳቸው ያገኘው ስንት ነው? ዜሮ። ለአረጋውያን ግማሽ ብናደርግ ገቢ ይቀንሳል የሚባለው፣ ሙሉውን ሲከፍሉ ለኖሩ ነው። እንዲያ ያለ ካላችሁ ቁጠሩልኝ። እኔ ሜዳ ውስጥ ዞር ብዬ አይቻለሁ። ባዶ ቦታ ሞልቷል፤ ሽበት ግን በጣት የሚቆጠር ነበር። ያ ባዶ ቦታ ሰው ቢቀመጥበት ምንም ወጪ የለውም፤ ባዶውን ቢውልም ሳንቲም አይወልድም።

ደግሞስ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ አብዛኛው የከተማ ቡድን የሚኖረው የከተማ አስተዳደሩ በሚመድብለት በጀት ነው። በበር ገቢ ብቻ ደመወዝ የሚከፍል ቡድን አገራችን ውስጥ ፈልጋችሁ አምጡልኝ። በጀቱ ደግሞ ከሰማይ አልወረደም። ለ40 ዓመት ግብር ሲከፍሉ የኖሩት እነማን ናቸው? የእኛን ሜዳ ድንጋይ ለቅመው ያስተካከሉትስ? ያን ጊዜ ትራክተር አልነበረም፤ በአካፋና በዶማ ነው።

አሁን "እንዲህማ ከሆነ በነጻ ይግቡ" ልትሉኝ ነው። በዚህ አልስማማም። ምክንያቴን ልንገራችሁ።

በሦስተኛው ቀን እኚያን አባት አንድ ሻይ ቤት አገኘኋቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ ዝተትና ባና ሲሸምኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ስካርፉም የራሳቸው ሥራ ነው፤ ሱፉን የፈተሉት ባለቤታቸው ናቸው። ስለ ኳስ አንስቼባቸው ማስቆም አቃተኝ። በጥር 1954 ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ 11 ዓመታቸው ነበር። በሰፈሩ ሬዲዮ ያለው ሰው አልነበረም። ወሬውን የሰሙት በማግስቱ፣ ከአዲስ አበባ ከመጣ አውቶቡስ ረዳት ነው። ረዳቱ ሻንጣ ከማውረዱ በፊት ጣሪያው ላይ ቆሞ አራት ጣት በአንድ እጁ፣ ሁለት ጣት በሌላው አሳያቸው። "መንግሥቱ ወርቁ የሚባል ተጫዋች መኖሩን የሰማሁት ያን ቀን ነው" አሉኝ። ጨዋታው በጭማሪ ሰዓት እንዳለቀ ያወቁት ከሳምንት በኋላ ነው። እስካሁን ሲያወሩት እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ከደስታ ይሁን ከእርጅና እንጃ።

እኔም ይሉኝታ ያዘኝና "በሚቀጥለው እሁድ እኔ ልክፈልልዎት" አልኳቸው።

"እግዜር ይስጥልኝ" አሉ። ሻያቸውን ፉት ብለው ደግሞ፣ "አንተ የማትመጣበት እሁድስ?"

መልስ አልነበረኝም።

ችግሩ ይሄው ነው። ዛሬ ደግ ልጅ በር ላይ ከቆመ በነጻ ይገባሉ። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ልጅ ይቆማል፤ እሱ አያውቃቸውም። በየሳምንቱ "ልጄ፣ እባክህ" ማለት ደግሞ ለእሳቸው ልመና ነው። ዕድሜ ልኩን ሠርቶ የኖረ ሰው 90 ደቂቃ ኳስ ለማየት ደጅ አይጠናም፤ ቤቱ ይቀራል። ብዙዎቹም ቀርተዋል። ስለዚህ ምሕረት አታድርጉላቸው። ዋጋ አውጡላቸው። ቲኬቱ ላይ "60 ዓመትና ከዚያ በላይ፣ ግማሽ ዋጋ" ተብሎ ይታተም። በሩ ላይም በትልቁ ይለጠፍ። ያን ጊዜ እኚያ አባት "ያረጀ ቲኬት አንድ ስጠኝ" ብለው፣ ቀልደው፣ ከፍለው፣ መልሳቸውን ቆጥረው ይገባሉ። ውለታ የለም፣ ምርቃትም አይጠበቅባቸውም።

ደግሞ ይህን ስትወስኑ "የጡረታ ደብተር ያሳዩ" የምትል ነገር እንዳታስገቡ። ገበሬው የጡረታ ደብተር የለውም። ሸማኔውም፣ ጠላ ሸጣ ልጅ ያሳደገችውም የላትም። የግል ድርጅት ሠራተኛ እንኳ የጡረታ ዐዋጅ የወጣለት በ2003 ዓ.ም. ነው። የጡረታ ደብተር ብትጠይቁ ቅናሹ የሚደርሰው የተሻለ ገቢ ላላቸው ይሆናል። የልደት ምስክር ወረቀትማ አይነሳ። ልደት በአገር ደረጃ በወሳኝ ኩነት መዝገብ መስፈር የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። የ75 ዓመት ሰው ስትጠይቁት "በታኅሣሥ ግርግር ጊዜ በግ እጠብቅ ነበር" ይላችኋል። ግርግሩ በ1953 ነው፤ እናንተው ደምሩት። የቀበሌ መታወቂያ ካለ ይታይ፤ ከሌለ ፀጉራቸውን አይታችሁ አስገቡ። አንዱ 57 ሆኖ 60 ነኝ ብሎ ቢገባስ? 25 ብር በላ እንበል። ከመኪናው ሳይወርድ በነጻ ከገባው ሰውዬ ይብሳል?

እናቶችንም እንዳትረሱ። "ሴት ወይዘሮ ኳስ ምን ያደርግላታል" የምትሉ ፋራዎች አሁንም አላችሁ። አንድ ጊዜ አንዲት እናት በእጃቸው ፌስታል ይዘው በር ላይ ቆመው አይቻለሁ። ልጃቸው ተሰላፊ ነው። ፌስታሉ ውስጥ ዳቦና በላስቲክ የታሠረ ቆሎ ነበር። ሙሉ ዋጋ ተጠየቁ። ዳቦውን ለአንድ ልጅ ሰጥተው ላኩና ተመለሱ። ልጃቸው ያን ቀን ጎል አገባ። ማን ነገራቸው ይሆን?

ዘመን አመጣሽ ነገርም አለ። አንዳንድ ቦታ ቲኬት በቴሌብር ብቻ እየሆነ ነው። መልካም ነው፣ ብር በየኪሱ አይቀርም። ግን የአዛውንት ስልክ ባለ ቁልፍ ነው። ቴሌብር በ*127# ያለ ኢንተርኔት እንደሚሠራ ስንቶቻችሁ አሳይታችኋቸዋል? ይልቅ ስልካቸውን ተቀብላችሁ "የሚስጥር ቁጥሩን ይንገሩኝ" ትላላችሁ። ነውር ነው። ለእነሱ አንድ የጥሬ ብር መስኮት ይቅርላቸው።

አሁን ደግሞ እናንተ የዲኤስቲቪ ቤት ልጆች። ለእንግሊዝ ክለብ የምትጣሉ፣ የሩቁን ሰው ደመወዝ በሳምንት ስንት እንደሆነ በቃላችሁ የምታውቁ። በ2016 ዓ.ም. ቶተንሃም ዕድሜያቸው 65 ለሞላ ደጋፊዎች የሚሰጠውን ቅናሽ ከግማሽ ወደ ሩብ በየዓመቱ እያወረደ እንደሚሄድ፣ ለአዲስ አመልካችም እንደሚያቆም አስታወቀ። ደጋፊው ተነሣበት። ሽማግሌዎቹ ብቻ አይደሉም የተነሡት። እነሱ የሚጣሉት የነበረው ቅናሽ ለምን ተነካ ብለው ነው። እኛ ገና አልጀመርነውም፤ ጭራሽ የጠየቁትን ስቀንባቸው እንገባለን። ማልያቸውን ከምትገዙ ይቺን ጸባያቸውን ብትገዙ በረከሰላችሁ።

ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአረጋውያን ድጋፍ እንዲያደርግ ያዛል። ስለ ኳስ ቲኬት አይናገርም። እሱ ለእኛ የቀረ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ወንበር። ዋጋውን ቀንሳችሁ ንፋስ ላይ ካቆማችኋቸው ምን ዋጋ አለው? ክቡር እንግዳ የሚቀመጥበት ከለላ ሥር ሁለት አግዳሚ ይጨመር። ፕላስቲክ ወንበርም ይሆናል። ግማሾቹ ክቡር እንግዶች ከእረፍት በኋላ ላሽ ስለሚሉ ቦታ አይጠፋም።

ያን እሁድ በእረፍት ሰዓት ወደ ውጭ ወጥቼ ነበር፣ ቆሎ ልገዛ። እኚያ አባት አልሄዱም። ከቆርቆሮው አጥር ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ስካርፉን እስከ ጆሯቸው ስበውታል። አጠገባቸው በቀዳዳ የሚያጮልቅ አንድ የ8 ዓመት ልጅ አለ። በ30 ብሩ ለልጁም ለራሳቸውም ሽምብራ ገዝተዋል። ልጁ ያያል፣ ለእሳቸው ይነግራቸዋል። "ማን ያዘው?" ይሉታል። "ሰባት ቁጥር።" "በቀኝ ነው በግራ?" "በግራ።" "አዪዪ፣ ግራው አይሆንለትም" ይላሉ። ከእኔ ይልቅ ጨዋታውን ያዩት እሳቸው ናቸው።

ኮሚቴው ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ይሰበሰባል። አጀንዳው የሁለተኛው ዙር የመግቢያ ዋጋ ነው። እኔ እሄዳለሁ። እናንተም በየከተማችሁ ያለው ኮሚቴ መቼ እንደሚሰበሰብ ጠይቁና ሂዱ። ስብሰባው በነጻ ነው፣ ለሁሉም ዕድሜ።