ለጌጥ የተደረደሩ አሃዞች

ፍሪኩዌንሲ ካውንተሬ (የኤሌክትሪክ ምልክት በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ ቆጥሮ በአሃዝ የሚያሳየው መለኪያ) ትናንት ማታ ግን በቃኝ። ከአሮጌ የቴሌኮም መሣሪያ የተነቀለውን፣ በራሱ ማሞቂያ ውስጥ ታሽጎ የሚሠራውን ባለ 10 ሜጋኸርዝ ኦሲሌተር (በሰከንድ 10,000,000 ጊዜ የሚርገበገብ ምልክት የሚያወጣ ዕቃ) ሦስት ቀን ሳላጠፋ አሙቄ፣ በርካሽ ከገዛሁት ከዚህ ካውንተር ጋር ባገናኘው 10,000,137 ኸርዝ አለኝ። መስኮት ስከፍት 10,000,121 ሆነ። ነፋስ ሲገባ የሰከንድ ርዝመት ይለወጣል ማለት ነው?

የካውንተሩን ክዳን ፈታሁት። «እጅግ ትክክለኛ» የተባለው ዕቃ ሰከንድን የሚለካበት ልቡ በማንኛውም አሻንጉሊት ውስጥ የማይጠፋ ተራ ክሪስታል ነው! እንዲህ ያለው ክሪስታል ከሚሊዮን 20 እጅ ቢስት ማንም አይፈርድበትም፤ ይህ ግን በ10 ሜጋኸርዝ ላይ 200 ኸርዝ ነው። ታዲያ የመጨረሻዎቹ ሦስት አሃዞች ለምን ይበራሉ? ለጌጥ?

ሻጩን ብጠይቀው «ኦሲሌተርህ ተበላሽቷል» አለኝ። እርግጥ ነው፤ ሚዛን መቼ ተሳስቶ ያውቃል፣ ጥፋቱ ሁልጊዜ የተመዛኙ ነው! ከክሪስታሉ አጠገብ አንዲት የማስተካከያ ብሎን አለች፤ በምን አመሳክሬ እንደማዞራት ግን መመሪያው ትንፍሽ አይልም። ሰዓቱ በጂፒኤስ ሳተላይቶች የሚታረም ማመሳከሪያ ልግዛ ይሆናል፣ ዋጋው የካውንተሩን እጥፍ ድርብ የሆነውን። ያው ሻጭ ደግሞ ዛሬ ጠዋት ባለ ዘጠኝ አሃዙ ካውንተር በቅናሽ መግባቱን በደስታ አብስሮኛል።